ተለይቶ የሚኖር አባት ለልጁ ሊያደርገው ስለሚገባ ነገር

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፥ በወላጆች ቀን፥ ለተሰበሰቡት አባቶችና እናቶች በርእሰ መምህሩ የተነገረ ንግግር



በየማለዳው ተማሪዎች ወደየክፍላቸው ሲገቡ መምህሩ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። በአገራችን ልማድ የልጅ ስም ብቻውን አይጠራም፤ የአባቱ ስም ይከተለዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ «አቤት» ብሎ በመለሰ ቍጥር ከራሱ ስም ጋራ የአባቱን ስም ይሰማል። አባቱ ከቤት ያለ ልጅ ይህን ነገር ልብ አይለውም። አባቱ ከእናቱ ተለይቶ ሌላ ቤት የሠራ፥ ከዚያም ወዲህ ዐይኑን ያላየው ልጅ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ በየማለዳው ያን ስም ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ሳላውቅ ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ። አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ በአያቴ ስም ብጠራ አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አያቱ ያሳደገው የእናቱ አባት ነው። እኔም የመዝገብ ስም እንዲህ በቀላሉ እንደማይለወጥ ነገርሁት፤ እርሱም «እሺ» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ዛሬ የምናገረው ለዚያ ልጅ ሳልመልስለት የቀረሁትን ነገር ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልግለጽ። ትዳራቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ለመውቀስ አልተነሣሁም። በደጋው ገጠር በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት መስማማት ሲሳናቸው በሽማግሌ ፊት ንብረታቸውን ተካፍለው መለያየታቸው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ከብቱ ይቈጠራል፥ እህሉ ይሰፈራል፥ ቤቱ ይገመታል፤ በዚህ ዘመንም የመሬቱ ይዞታ ደብተር በሁለቱ ስም የተጻፈ እንደ ሆነ መሬቱ ይለካል። ሽማግሌዎቹ ማጭድና ድስት ሳይቀር ቈጥረው ከጨረሱ በኋላ ስለ ልጆቹ የሚናገሩት ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፤ ትንንሾቹ ከእናታቸው ጋራ ይሁኑ፥ ከፍ ያሉት ወደ አባታቸው ይሂዱ ይባላል። ከእናቱ ጋራ የቀረውን ልጅ አባቱ በየትኛው ቀን ያየዋል? ወዴት ይገናኛሉ? ደብተሩን ማን ይገዛለታል? ቢታመም ለአባቱ ማን ይነግረዋል? ይህን የሚጠይቅ የለም። ስለ አንዲት አህያ ሦስት ቀን ሲከራከሩ ያየኋቸው ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው ሩብ ሰዓት ሲነጋገሩ አላየሁም።

ሕጉ ከልማዳችን ይልቅ ብዙ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጆች አጠባበቅ በልጆቹ ጥቅም እንዲወሰን፥ ዕድሜው ከአምስት ዓመት ያላለፈ ልጅም ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ለእናቱ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር፤ የፍቺውንም ነገር የሚመለከቱ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ በአንቀጽ 113ም ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋራ እንደሚኖሩ፥ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ቀለባቸው እንዴት እንደሚሰጥ፥ አብሮ የማይኖረውም ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቃቸው ጨምሮ እንዲወስን አዘዘ። ከዚያም በኋላ አያሌ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ማናቸውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው፥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋራ እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9፥ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ከሁለቱም ወላጆቹ ጋራ ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ያስረዳል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት መብቱ የማን እንደ ሆነ እንድታዩት ብዬ ነው። «ልጄን የማየት መብት አለኝ» እያለ በሽማግሌ ፊት የሚፎክር አባት አይጠፋም። ሕጉን ስናነበው ግን ይልቁንም ባለ መብቱ ልጁ ነው፤ አባት ባለ ዕዳ ነው። እንዲሁም እናት በቀድሞ ባሏ ተቀይማ ልጁን ከጓዳ ብትደብቀው የተጎዳው አባቱ ብቻ አይደለም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። በዚህ ነገር መካሪ ሆኜ ስቆም ንጹሕ መስዬ ልታይ አልወድም።

የመጀመሪያ ልጄ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች እኔና እናትዋ ተለያየን። ልጅቱ ከእናትዋ ጋራ ወደ አያቷ አገር ሄደች፤ እኔም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርሁና ጥቂት ቆይቼ ሌላ ሚስት አገባሁ። በመጀመሪያው ዘመን ደመወዝ በተቀበልሁ ቍጥር አንዱን ቅዳሜ ለይቼ እሄድ ነበር። እስከ ከተማው በአውቶቡስ፥ ከዚያም ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ስሄድ ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም፤ ስኳር፥ ሳሙና፥ ደብተር፥ አንዳንድ ጊዜም ጫማ እይዝላት ነበር። ከሩቅ ስታየኝ ሮጣ ትመጣና የያዝሁትን ሳታይ በአንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር። ይህን «ሳታይ» ያልሁትን ነገር ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ጥፋት በዳንሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአዲሲቱ ሚስቴ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። የቤት ኪራይ፥ የአራስ ወጪ፥ የሱቅ ዱቤ ተደራረበብኝ። በአንድ ግንቦት ወር ለመሄድ ተነሥቼ ኪሴን ብፈትሽ ከአውቶቡስ ዋጋ በቀር ምንም አልተገኘበትም። «እንዴት ባዶ እጄን እሄዳለሁ? የእናትዋ ዘመዶችስ ምን ይሉኛል?» ብዬ ቀረሁ። በሰኔ የሁለቱን ወር ደርቤ እወስድላታለሁ ብዬም ራሴን አጽናናሁ። በሰኔ የሁለት ወር የሚያህል ነገር አልተገኘምና የሦስቱን ለሐምሌ አሳለፍሁት፤ የሐምሌውንም ለመስከረም። ዕዳው በከበደ ቍጥር እግሬም አብሮ ከበደ። ከአራጣ አበዳሪ የተበደረ ሰው በአበዳሪው ደጅ ላለማለፍ ዙሪያ መንገድ እንደሚሄድ፥ እኔም የልጄን ደጅ ሸሸሁ። እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ወር አለፈ።

በአሥራ አራተኛው ወር አንድ ቀሚስ ገዝቼ ሄድሁ። ባለ ሱቁ ቁመትዋን ሲጠይቀኝ እጄን ዘርግቼ እስከዚህ ድረስ ብዬ አሳየሁት። ስደርስ ልጅቱ አልሮጠችም። ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝና እጅ ነሥታ፥ «ደኅና ነዎት ወይ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት «አባባ፥ አንተ» እያለች የምትጫወተኝ ልጅ አንቱ አለችኝ። ቀሚሱን ስትለብሰው ከጕልበቷ በላይ ቀረ። እኔ ለባለ ሱቁ በእጄ ያሳየሁት ያለፈውን ዓመት ቁመትዋን ነበር። እርስዋም አውልቃ በደንብ አጥፋ፥ «ለዚያች ለሕፃኗ ስታድግ ይሆናታልና ይውሰዱላት» ብላ መለሰችልኝ። በቍጣ የተናገረችው አልነበረም፤ ነገሩን አስባ ነው የተናገረችው። አያቷ ቡና ታፈላ ነበርና ቀና ሳትል፥ «ስኳሩን ማን ጠየቀህ? ልጂቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥታ መንገድ መንገዱን ስታይ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። በኋላ ተወችው» አለችኝ።

አባቶቼና ወንድሞቼ፥ ልጄን መውደድ የተውሁበት ቀን አልነበረም። ያራቀኝ ኀፍረት ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ምክንያት አድርጌ ካነጋገርኋቸው ተለይተው ከሚኖሩ አባቶች መካከል ልጄን ጠላሁት ያለኝ አንድም የለም። «እጄ ባዶ ሆኖብኝ ነው» ይላሉ፤ «አዝመራው ይሰብሰብና» ይላሉ፤ «ዕዳዬን ልክፈልና» ይላሉ። በእኛ አገር ዘመድ ጥየቃ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፤ ለአማትና ለአበልጅ ይህ ልማድ መልካም ነው። ለልጅ ግን አይሠራም። ልጅ አባቱ ድኻ መሆኑን ቢያይ አባቱን አይንቅም፤ አባቱ ሳይመጣ የቀረበትን ምክንያት ስለማያውቅ ግን ምክንያቱን ከራሱ ይፈልጋል፤ «ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ነው» ይላል። ይህን ከብዙ ልጆች አፍ ሰምቼአለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቀን ቍረጡ፥ የቈረጣችሁትንም ቀን ጠብቁ። በየሳምንቱ መሄድ የሚቻለው በየሳምንቱ፥ የማይቻለው በወር አንድ ጊዜ፥ አገሩ ሩቅ የሆነበት ደግሞ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይሂድ። ትልቁ ነገር ልጁ ቀኑን አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ቀኑን ካወቀ የቀረውን ጊዜ በሰላም ይኖረዋል፥ ይጫወታል፥ ይማራል። ቀኑን ያላወቀ ልጅ ግን በየቀኑ ይጠብቃል። የገበያ ቀን ለዚህ ይስማማል፤ መንገደኛ ይበዛል፥ አባትም ያለ ሌላ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፥ ሐሜትም አያስነሣም። መቅረት ግድ ቢሆን በገበያተኛ አፍ ወይም በስልክ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ እንጂ የእናት የአባት አይደለም ይባላልና፥ ለትልቅ ሰው የምንጠነቀቀውን ያህል ለስምንት ዓመት ልጅ ለሰጠነው ቃል እንጠንቀቅ።

ባዶ እጃችሁን ሂዱ ስላልሁ ቀለብ አትስጡ ብሎናል የሚል ሰው ካለ ቃሌን ያጣምማል። ቀለብ ማለት በሕጉ ምግብ፥ መጠለያ፥ ልብስ፥ ሕክምናና ትምህርት ነው፤ ግዴታውም አባት ሌላ ሚስት ስላገባ አይቀርለትም። ጤፍም ቢሆን ገንዘብም ቢሆን በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት በተቈረጠው ጊዜ ለእናትየዋ ይሰጥ። ነገር ግን ልጁን የምታዩበት ቀንና ቀለብ የምታስረክቡበት ቀን አንድ አይሁን። እህል ጭኖ የመጣ አባት ስለ ስፍሩ ከእናትየዋ ጋራ ሲጨቃጨቅ ልጁ ከምሰሶው ሥር ቆሞ ይሰማል፤ የጠቡም ምክንያት የእርሱ ሆድ መሆኑን ይረዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልቆብኛል ብሎ ለአባቱ አይናገርም።

ሄዶስ ምን ያደርጋል? ይህን የሚጠይቅ አባት ብዙ ነው፤ ከሰላምታ በኋላ የሚናገረው ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፖል አማቶና ጆአን ጊልብሬዝ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ከልጆቻቸው ተለይተው ስለሚኖሩ አባቶች የተጻፉ 63 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ያገኙትም የጉብኝቱ ቍጥር ብቻውን ለልጁ ብዙ እንደማይጠቅመው፥ የሚጠቅመውም ቀለብ መክፈሉ፥ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ቅርበት፥ ይልቁንም አባት የአባትነትን ሥራ መሥራቱ፥ ይኸውም ትምህርቱን መርዳቱ፥ መምከሩ፥ ሲያጠፋ መገሠጹ፥ ሲያለማ ማመስገኑ መሆኑን ነው። የሰው አገር ኑሮ ሌላ ነውና ሁሉ ነገር እንደዚያው ነው ለማለት አልደፍርም። በዚህ ነገር ግን ከማየው ጋራ ይስማማል። ልጁን እንደ እንግዳ ልጅ ከረሜላ ሰጥቶ፥ ራሱን ዳስሶ፥ «ጎበዝ ሁን» ብሎ የሚመለስ አባት መንገዱን ደክሞበታል። ደብተሩን አምጣ በሉት። ስለ መምህሩ፥ ስለ ጓደኛው፥ ስለ ታመመችው ጥጃ ጠይቁት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ ስለ ጥጃዋ ደግማችሁ ብትጠይቁት ረስታችሁት እንዳልነበር ያውቃል። ማንበብ የማታውቁ ደግሞ ልጁ ያንብብላችሁ። ፊደል ያልቈጠረ አባት ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ልጁ ሲያነብለት ከመስማት የበለጠ ለንባብ የሚያተጋ ነገር እኛ መምህራን አላገኘንም።

ወደ አዲሱ ቤት ነገር ልለፍ፤ ብዙው ችግር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

«የእንጀራ እናት» የሚለው ስም በተረት ሁሉ ክፉ ሆኖ ይነገራል። ቃሉን ራሱን ብናየው ግን እንጀራን ከእናትነት ጋራ ያገናኘ ነው እንጂ ስድብ የለበትም። ስድቡን ያመጣነው እኛ ነን፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የአባትየው ሆኖ ሳለ ስሙን የምትሸከመው ሴቲቱ ናት። ሰውየው ሚስት ሲያጭ የቀድሞ ልጁን ነገር ይሸፍናል፤ ወይም «አንድ ልጅ ነበረኝ» ብሎ የሞተ አስመስሎ ያልፈዋል። ሴቲቱ ቤቱን ይዛ እህሉን ከቈጠረች በኋላ ባልዋ በድብቅ አንድ ቁና ሲያወጣ ብታየው የልጅ ቀለብ ነው አትልም፤ የተሰረቀች ይመስላታል። እኔም ለሚስቴ ልጅ እንዳለችኝ ነግሬአት ነበር፤ ነገር ግን በየወሩ ስንት ብር እንደምሰጥና የትኛውን ቅዳሜ እንደምሄድ አንድ ቀንም ቁጭ ብዬ አልነገርኋትም። ያን አጭር ቀሚስ ይዤ የተመለስሁ ማታ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም አለችና፥ «በዚያ ግንቦት ነግረኸኝ ቢሆን ዳቦ ጋግሬ እሰድድህ ነበር» አለችኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ይህን ሴት የፈራኋት ሳልጠይቃት ነው።

ስለዚህ ለማግባት የሚያስብ ሰው ሽማግሌ ሲልክ የልጁ ነገር ከመጀመሪያው ይነገር። ስንት ልጅ እንዳለው፥ ቀለቡ ስንት እንደ ሆነ፥ የሚጠይቅበት ቀን መቼ እንደ ሆነ፥ በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጁ መጥቶ የሚሰነብት እንደ ሆነም ይነገር። ይህን ሰምታ እንቢ የምትል ብትኖር አስቀድሞ መታወቁ ለሁሉም ይሻላል።

ልጁ ወደ አዲሱ ቤት ሲመጣ እንግዳ አይሁን፤ አገልጋይም አይሁን። በእኛ ቀበሌ የማየውን በግልጽ ልናገር። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጁን ያላስታወሰ አባት ልጁ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሞላው በድንገት ይመጣና፥ «ልጄ ነውና እወስደዋለሁ» ይላል። ይህ ዕድሜ ምን ዐይነት ዕድሜ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከብት ለመጠበቅ የሚደርስበት ዕድሜ ነው። ሴት ልጅም እንደ ሆነች በአዲሱ ቤት ሕፃን ሲወለድ ትፈለጋለች፤ የምትፈለገውም ሕፃኑን ልታዝል ነው። ከመዝገባችን ላይ «አባቱ ዘንድ ሄደ» ተብሎ ከተጻፈባቸው ልጆች ስንቶቹ እዚያ ትምህርት ቤት እንደ ገቡ ለማጣራት ሞክሬ ነበር፤ ያገኘሁት አላስደሰተኝም። ልጅ በአባቱ ቤት መሥራቱ ነውር የለበትም፤ በማናቸውም ቤት ልጅ ይታዘዛል። ነገር ግን የአዲሲቱ ሚስት ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡ እርሱ ብቻ ዱላ ይዞ የሚወጣ ከሆነ አባቱ ልጁን አላመጣም፤ እረኛ ቀጥሯል፥ ያውም ያለ ደመወዝ። ይህን ስናገር ከመካከላችሁ የሚቀየመኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ከዚህ ሌላ ልጁን ስለ እናቱ ቤት መመርመር አይገባም። «ባልዋ ምን ገዛላት? ምን በላችሁ?» እየተባለ የሚጠየቅ ልጅ ወሬ አቀባይ መሆንን ይማራል፤ ወይም ዝም ማለትን ይማራል። እናትም ልጁ ሲመለስ እንዲሁ አታድርግ። የምታስተላልፉት መልእክት ካለ በትልቅ ሰው አፍ ይሂድ።

ስለ አዲሱ ሕፃን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዌንዲ ማኒንግና ፓሜላ ስሞክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሴት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፥ አባቶች ለቀድሞ ልጆቻቸው የሚሰጡትን ገንዘብ የሚቀንሱት ሌላ ሚስት በማግባታቸው ብቻ ሳይሆን በአዲሱ ቤት ከራሳቸው የተወለደ ልጅ ሲኖር መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የዚያን ግንቦት ነገር አስታወሰኝ። ሕፃን በተወለደበት ዓመት አባት ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። ታላቁ ልጅ የወንድሙን ወይም የእኅቱን መወለድ ከመንደር ወሬ ሳይሆን ከአባቱ አፍ ይስማ። በድግሱ ቀን ይጠራ፤ ሲመጣም ከአባቱ አጠገብ ይቀመጥ፥ ለእንግዶችም «ታላቁ ልጄ ነው» ተብሎ ይነገር። የእኔ ሁለት ልጆች እስኪተዋወቁ ድረስ ታናሺቱ መሄድ ጀምራ ነበር፤ ይህ በእኔ ስንፍና የሆነ ነው።

እናትየዋም ሌላ ባል አግብታ እንደ ሆነ የአባት መምጣት ሌላ ችግር ያመጣል። ሁለት ወንዶች በአንድ ደጅ ሲገናኙ የወሬኛ ዐይን ይበዛል፤ አንዱ ተናቅሁ፥ ሌላው ተደፈርሁ ይላል። ከሦስተኛ ስፍራ መገናኘት ይሻላል፤ የአያት ቤት፥ የአክስት ቤት ወይም ይህ ትምህርት ቤት ለዚህ ይሆናል። ደግሞም ልጃችሁን የሚያበላና የሚያለብስ ሰው እርሱ መሆኑን አትርሱ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ብታገኙት ከፈረስ ወርዳችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። ይህን ያደረገ አንድ ገበሬ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን የሚያደርስለት የእንጀራ አባቱ ሆነ።

ወደ ከተማ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሄደው የሚሠሩ አባቶች እግራቸው ባይደርስ ድምፃቸው ይድረስ። እርሱም እንደ ሌላው ቀን ይቈረጥለት።

ስለ ሌላም ነገር ዝም ማለት አይገባኝም። እናትየዋን ይደበድብ የነበረ፥ ወይም ሰክሮ የሚመጣ አባት አለ። ሕጉ የልጁ ጥቅም እንዳይጎዳ ብሎ የወሰነው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን ማየት ቢፈልግ በሽማግሌ ወይም በመምህር ፊት ይየው፤ ከዚህም በኋላ የማይታረም እንደ ሆነ እናትየዋ ልጁን ብትከለክል እኔ አልፈርድባትም፤ ወደ ፍርድ ቤትም ብትሄድ የልጁን የትምህርት ቤት መረጃ ጽፈን እንሰጣታለን።

ስለ ልጄ መጨረሻውን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። በዚያ ዓመት በወር አንድ ቅዳሜ ቈረጥሁ። አንዳንዱን ወር ዳቦ ይዤ፥ አንዳንዱን ወር ባዶ እጄን እሄድ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜያት እርስዋ ከምድጃው አጠገብ፥ እኔም ከመደቡ ላይ እንቀመጥና ከአያቷ ጋራ ብቻ ተጫውቼ እመለስ ነበር። ወደ ስድስተኛው ወር ገደማ የሒሳብ ደብተርዋን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ዝም ብላ ወደ ውኃ ሄደች። አርሜ ጠበቅኋት። አንቱ ማለትዋን ለመተው ግን ሁለት ዓመት ፈጀባት። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ የማይመቸኝም ነገር ሲኖር ሳታፍር ትነግረኛለች።

በአያቴ ስም ልጠራ ያለው ልጅ አባት ደግሞ ከዚህ አራት ሰዓት በሚያስሄድ አገር ይኖራል። በሰው አስፈልጌ በስልክ ሳገኘው የመለሰልኝን ታውቁታላችሁ፤ «እጄ ባዶ ሆኖብኝ ነው» አለኝ። ሁለት ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ሲቆም አየሁትና ልጁን አስጠራሁለት። ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም፤ ከወይራው ሥር ብዙ ተቀመጡ። ልጁ ስሙ ይለወጥልኝ ብሎ ዳግመኛ አልመጣም፤ ነገር ግን አባቱ ከዚያ ወዲህ የመጣው አራት ጊዜ ብቻ ነው፥ ሁለት ቀንም አሳልፎአል።

ከወላጅና መምህር ኅብረት ጋራ ተነጋግረን ከዛሬ ጀምሮ አንድ መዝገብ ከፍተናል። ከልጁ ተለይቶ የሚኖር አባት ወይም እናት ስሙን፥ የስልኩን ቍጥርና ልጁን የሚጠይቅበትን ቀን ያስጽፋል። የልጁን ውጤት በየመንፈቁ ለሁለቱም ወላጆች እናስታውቃለን፤ ልጁ ቢታመም ወይም ከትምህርት ቢቀር ለሁለቱም እንደውላለን። ቅዳሜ ቅዳሜም ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የሁለተኛ ክፍል ቤት ክፍት ነው፤ አግዳሚ ወንበርና ውኃ እናስቀምጣለን፥ ዘበኛውም ማንንም ምን ይዘህ መጣህ ብሎ አይጠይቅም። መዝገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መፈረም የማይችል በጣቱ ያትማል።